ያለ ቅዱስ ሥዕል ያማረ ማስታወቂያ፦ በተለመዱ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች የበዓል ጥሪ ስለ ማዘጋጀት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በመቐለ ከተማ የንግሥ በዓል ወይም የጉባኤ ቀን ሲቃረብ በየአጥቢያው ቅጽር በር፣ በየመብራት ምሰሶውና በየሱቁ መስተዋት ላይ የጥሪ ማስታወቂያ ይለጠፋል። ይህን በአብዛኛው የሚያዘጋጁት የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ናቸው፤ ከትምህርታቸውና ከሥራቸው በተረፈ ሰዓት ያለ ክፍያ ስለሚደክሙ ምስጋና ይገባቸዋል። ይሁን እንጂ በዓሉ ካለፈ በኋላ ወረቀቱ በዝናብ ርሶ፣ በነፋስ ተገንጥሎ መሬት ላይ ይወድቃል። በላዩ የታተመው የእመቤታችን ወይም የመልአኩ ሥዕልም ከእግር በታች ይሆናል። በቤተ ክርስቲያን ቆመን የምንሳለመውን ሥዕል በመንገድ ላይ እንረግጠዋለን ማለት ነው።

መፍትሔው ማስታወቂያን መተው አይደለም። በየቤታችንና በየጽሕፈት ቤታችን ያሉት የተለመዱ ፕሮግራሞች ቅዱስ ሥዕልን ሳንቆርጥና ሳንለጥፍ ያማረ ማስታወቂያ ለመሥራት ይበቃሉ። በዚህ ጽሑፍ ምክንያቱንና አሠራሩን በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

ቅዱስ ሥዕል ባዶ ቦታ መሙያ አይደለም

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ቅዱስ ሥዕል በመጋረጃ ይከበራል፤ ዕጣን ይታጠንበታል፤ ምእመናን ይሳለሙታል። እያንዳንዱ ክፍሉም ትርጉም አለው። አክሊለ ብርሃኑ ቅድስናን ያመለክታል። በጥንታዊው የሀገራችን አሣሣል ቅዱሳን ሁለት ዓይኖቻቸው እየታዩ ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ክፉዎች ግን በአንድ ዓይን፣ በጎን ይሣላሉ።

ኮምፒውተር ይህን አያውቅም። ሥዕሉን ከጎን በኩል ይዘን ብንጎትተው የቅዱሱ ፊት ይሰፋል ወይም ይቀጥናል። ዳራን የሚያጠፋውን ትእዛዝ ብንጠቀም አክሊለ ብርሃኑን አብሮ ሊያጠፋው ይችላል። ግራና ቀኙን ብናገላብጠው በቀኝ እጁ የሚባርከው ጌታ በግራ የሚባርክ ይመስላል፤ በሥዕሉ ላይ ያለው ጽሑፍም ይገለበጣል። ለጌጥ ብለን ያደረግነው ነገር ትምህርቱን ያፋልሳል።

ስለዚህ ለሚለጠፍና ለሚጣል ወረቀት ቅዱስ ሥዕል ባንጠቀም መልካም ነው። ተጠብቆ ለሚቀመጥ መጽሔት ወይም በአዳራሽ ውስጥ ለሚሰቀል ጨርቅ ካስፈለገ ግን ሳይቆረጥ ሙሉውን እናስገባ፤ መጠኑን ስንለውጥም ማዕዘኑን ይዘን እንጎትት፤ በላዩም ጽሑፍ አናሳርፍ።

ከአባቶች የተማርነው የገጽ አሠራር

ገጽን ማስዋብ ለትግራይ ምድር አዲስ ነገር አይደለም። በዓድዋ አቅራቢያ በሚገኘው በአባ ገሪማ ገዳም የተጠበቁት የብራና ወንጌላት በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ የተዘጋጁ መሆናቸው ተረጋግጧል። በመጀመሪያ ገጾቻቸው አራቱ ወንጌላት የሚገናኙባቸውን ክፍሎች የሚያሳዩ የቁጥር ሰንጠረዦች አሉ። እነዚያ ሰንጠረዦች በደረቁ አልተቀመጡም፤ በአዕማድና በቅስት ተከበዋል። አንባቢው ቁጥሩን በቀላሉ ያገኛል፤ ገጹም ያምራል።

ከዚያ በኋላ የመጡት ጸሐፍትም የምዕራፍ መጀመሪያን በሐረግ አስጌጡ። የጌታን፣ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም ደግሞ በቀይ ቀለም ጻፉ። ሦስቱንም፣ ማለትም ቅስቱን፣ ሐረጉንና ቀዩን ጽሕፈት፣ በተለመደ ፕሮግራም ልንሠራቸው እንችላለን።

አሠራሩ

ለዚህ ሥራ ከማይክሮሶፍት ዎርድ ይልቅ ፓወርፖይንት ይመቻል። በዎርድ ውስጥ ጽሑፍ ሲጨመር ሥዕሉ ቦታውን ሊለቅ ይችላል፤ በፓወርፖይንት ግን እያንዳንዱ ነገር ባስቀመጥንበት ይቆያል። ፓወርፖይንት የሌለው በነጻ የሚገኘውን ሊብሬኦፊስን ሊጠቀም ይችላል። ሁለቱም አንድ ጊዜ ከተጫኑ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። በ2013 ዓ.ም. በጀመረው ጦርነት ስልክና ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦብን ለቆየን ለእኛ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

1. የገጹን መጠን እንወስን። ለበር ማስታወቂያ ኤ3 ይበቃል፤ ወርዱ 29.7፣ ቁመቱ 42 ሴንቲ ሜትር ነው። መጠኑን ከመጀመሪያው ካላስተካከልን ኋላ ሁሉም ይዛባል።

2. ቅስቱን እንሥራ። ቅርጾች ከሚገኙበት ዝርዝር ሁለት ቀጫጭን አራት ማዕዘኖችን እንደ ዐምድ በግራና በቀኝ እናቁም፤ ከላይ በግማሽ ክብ ቅስት እናያይዛቸው። ቅርጽ ስንስል የሺፍትን ቁልፍ ከተጫንን ክቡ ክብ፣ መስመሩም ቀጥ ያለ ይሆናል።

3. ሐረጉን እንሥራ። ጠማማ መስመር በሚያወጣው መሣሪያ እንደ ማዕበል የሚወጣና የሚወርድ አንድ መስመር እንሣልና እናወፍረው። ኮንትሮልንና «ዲ»ን በአንድነት ተጭነን እናባዛው፤ ቅጂውን ከላይ ወደ ታች ገልብጠን በመጀመሪያው ላይ እናሳርፈው። ሁለቱ ሲተላለፉ እንደ ዓይን ያሉ ክፍተቶች ይወጣሉ፤ በየመካከላቸው ትንሽ መስቀል እናስገባ። ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ በቂ ቀለም ነው። ሁሉንም መርጠን በኮንትሮልና «ጂ» ካሰርነው እንደ አንድ ነገር ይንቀሳቀሳል፤ ለሚመጣው በዓልም ያገለግላል።

4. ጽሑፉን እናስገባ። የበዓሉ ስም ከሁሉ ይጉላ። ከዚያም ቀኑ፣ ሰዓቱና ቦታው ይከተል። አንድ መልአክ በከተማው ከአንድ በላይ ደብር ሊኖረው ስለሚችል የደብሩ ሙሉ ስም ይጻፍ። ቀይ ቀለም ለቅዱሱ ስም ብቻ ይሁን፤ ሁሉም ከቀላ አንዱም አይለይም።

ፊደሉ እንዳይበላሽ

የግእዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ ገብቷል። ከዚያ በፊት በተሠሩ ፊደላት የተጻፈ ማስታወቂያ ያ ፊደል በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። ስለዚህ እንደ «ኒያላ» ወይም «አቢሲኒካ» ያሉ የዩኒኮድ ፊደላትን እንጠቀም። ትግርኛ የምንጽፍ ደግሞ «መቐለ» ብለን እንፈትነው፤ «ቐ» በትክክል ካልወጣ ፊደሉ አይሆነንም።

ከመሣሪያው በላይ ግን የጸሐፊው ጥንቃቄ ይበልጣል። በእሳቱ «ሰ» እና በአልፋው «አ» የተጻፈ «ሰአለ» ለመነ ማለት ነው፤ በንጉሡ «ሠ» እና በዐይኑ «ዐ» የተጻፈ «ሠዐለ» ግን ሥዕል ሣለ ማለት ነው። እንዲሁም «መሐረ» ይቅር አለ፣ «መሀረ» አስተማረ ነው። በፊደል ስሕተት ምልጃው ሥዕል፣ ምሕረቱም ትምህርት ሊሆን ነው። ስለዚህ ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት ግእዝ ለሚያውቁ መምህር ወይም መሪጌታ እናሳይ።

ወደ ማተሚያ ቤት ስንሄድ

ሥራውን በፒዲኤፍ አስቀምጠን እንውሰድ፤ ፊደሉም ቅርጹም በዚያው ይጸናል። ፎቶግራፍ ካስገባን ደግሞ ጥራቱን እንይ፤ ኤ3 ወረቀትን በጥራት ለማተም 3508 በ4961 ፒክስል ያስፈልጋል። ቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከለትን ምስል ስለሚያሳንስ እንደ ፋይል እንላክ። ከቅርጾች የሠራነው ሐረግና ቅስት ግን ቢጎላም አይደበዝዝም።

የመጨረሻው ሥራ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነው። የሚለጥፍ እንደተመደበ ሁሉ ከበዓሉ ማግስት የሚያነሣም ይመደብ። በማስታወቂያው ላይ መስቀልና የቅዱሱ ስም አሉና ወረቀቱ በክብር ተሰብስቦ ይቃጠል።

እግዚአብሔር የድንኳኑን ሥራ ለሚሠራው ለባስልኤል ጥበብንና ማስተዋልን በመንፈሱ እንደ ሰጠው በኦሪት እናነባለን (ዘጸ. 31፥1-5)። የባስልኤል መሣሪያ ወርቅ፣ ብርና ናስ ነበረ። ዛሬ ወጣቶቻችን በኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው የሚሠሩትም ለዚያው ቤት ነው፤ ጥበቡን ሰጪው አንድ ነውና ሥራውን በጸሎት ጀምረን በጥንቃቄ እንፈጽመው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።