ቡናው ከተፈላ ደህና ናቸው

ገላን ኮንዶሚኒየም ውስጥ ማለዳ ደረጃ የሚወጣ ሰው የማን ቤት እንደነቃ በር ሳያንኳኳ ያውቃል። የሙቀጫው ድምፅ፣ የሚቆላው ቡና ሽታ፣ ኮሪደር ላይ የወጣው የከሰል ምድጃ ይነግሩታል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ እንበል። ሙቀጫቸው ሁልጊዜ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይሰማል። አንድ ቀን ሁለት ሰዓት አልፎ ሦስት ሲቃረብ ቤቱ ጭጭ ካለ፣ የጎን ጎረቤታቸው ነጠላዋን ጣል አድርጋ «እማማ፣ ዛሬስ ምነው?» እያለች በሩን ትቆረቁራለች። ማንም ያልሸጠው፣ ማንም ያልገጠመው የአረጋውያን መጠበቂያ ይኸው ነው።

ጃፓኖች ይህንኑ ነገር ማሽን አድርገው ሸጠውታል። በፔርሙዝና በሩዝ ማብሰያ የሚታወቀው ዞጂሩሺ እ.ኤ.አ. በ2001 «አይ ፖት» የሚባል የኤሌክትሪክ ውኃ ማፍያ ለገበያ አቀረበ። ማፍያው ውስጥ ትንሽ የገመድ አልባ መገናኛ ተቀብራለች። አዛውንቷ ለሻያቸው ውኃ በቀዱ ቁጥር መረጃው ይላካል፤ ርቆ የሚኖረው ልጅ እናቱ በስንት ሰዓት ውኃ እንደቀዱ በኢሜይል ይደርሰዋል። ካሜራ የለም፣ ቁጥር መጫን የለም፣ ሥልጠና የለም። ስለ አረጋውያን ቴክኖሎጂ ካነበብኩት ሁሉ ይህ ማፍያ ልቤን የወሰደው በአንድ ምክንያት ነው፤ አዛውንቷን ምንም አዲስ ነገር አላስተማራቸውም። እሳቸው የሚያውቁት ሻያቸውን ብቻ ነው። እርግጥ ነው፣ መብራት ሲጠፋ አይ ፖትም አብሮ ዝም ይላል። የእኛ ጀበና በከሰልም ይሠራል።

ገላን የአረጋውያን መንደር ተብሎ አልተሠራም። እየሆነ ያለው ግን እሱው ነው። በአዲስ አበባ ለኮንዶሚኒየም የመጀመሪያው ምዝገባ ሲካሄድ 1997 ዓ.ም. ነበር፤ ያኔ 50 ዓመት ሞልቶት የተመዘገበ ሰው ዛሬ ሰባውን ተሻግሯል። ሕንፃዎቹ ግን ያው ጂ ፕላስ 4 ናቸው፣ ሊፍት የላቸውም። በኃምሳ ዓመት ጉልበት የታሰበውን አራተኛ ፎቅ በሰባ ዓመት ጉልበት፣ ያውም ውኃ በጠፋ ቀን ጀሪካን ይዞ መውጣት ሌላ ነገር ነው። አካባቢው የፋብሪካ ሠፈር ስለሆነ አቃቂ ጨርቃ ጨርቅን በመሰሉ ቦታዎች ጉልበታቸውን ጨርሰው ጡረታ የወጡም በዙሪያው አሉ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደግሞ በኮሪደር ልማት ከካዛንቺስ የተነሱ ነዋሪዎች ገላን ባለበት በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ውስጥ ወደ ገላን ጉራ መጡ። ቤት ሲቀየር ዕቃ ይጫናል፤ ዕድር፣ ማኅበርና የአርባ ዓመት የቡና ጎረቤት ግን አይጫንም። ለአንድ ወጣት ከገላን ካዛንቺስ ታክሲ መያዝ ነው። ሰማንያ ለሞላቸው አባት ሌላ አገር ነው።

እንግዲህ የዚህ መንደር ዋና መሣሪያ የትኛው ነው ብትሉኝ፣ ልጆች የሚንቁት ባለ ቁልፉ ተራ ስልክ ነው እላለሁ። ውጭ ያለ ልጅ ለእናቱ ተች ስልክ መላክ ይወዳል፤ ብዙውን ጊዜ ስልኩ በፌስታል ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ተራው ስልክ ግን አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ቀናት ይቆያል፤ የሚያበራ ባትሪ አለው ደረጃ ላይ መብራት ሲጠፋ፣ ሬዲዮ አለው ለዜናና ለጸሎት። የእርጅና እጅ ሲንቀጠቀጥ መስታወት ላይ ይንሸራተታል፣ ቁልፍ ግን ጣትን ይቀበላል። ተጭኖ መያዝ የሚባለውንም ብልሃት ያውቃል፤ 2ን ጫን አድርገው ሲይዙ በቀጥታ ወደ ሴት ልጃቸው፣ 3ን ሲይዙ ወደ ጎረቤት እንዲደውል ማድረግ ይቻላል። ያቺን የ2 ቁልፍ በቀይ የጥፍር ቀለም ነካ ማድረግ የዓይን ሞራ ላለባቸው ከየትኛውም መተግበሪያ ይበልጣል። ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939፣ ፖሊስ 991 ናቸው። ሦስቱን በትልቅ ጽሑፍ በሩ ጀርባ ላይ መለጠፍ ምንም ወጪ የለውም።

ተች ስልኩ ቦታ የለውም ማለቴ አይደለም። ኢሞ የሚባለው የቪዲዮ መደወያ አለ። ዐረብ አገር ያለች ልጅ ወይም አሜሪካ የተወለደ የልጅ ልጅ ፊቱ ሲታይ፣ ስልክ መንካት የሚፈሩት እናት እንኳ ስክሪኑን ይስማሉ። ግን ኢሞውን የሚከፍትላቸው ሌላ ሰው ነው፤ ምናልባት የምድር ቤቱ ጎረቤት ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ። ያ ልጅ በሌለበት ቀን ስልኩም የለም።

ገንዘቡ ላይ ነገሩ ይከብዳል። የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀምር ለአረጋውያን ትልቅ በር ከፍቷል፤ *127# ተጭኖ ያለ ኢንተርኔት በተራ ስልክ ይሠራል፣ ወረፋ ያስቀራል። በሩ ግን ቶሎ ይዘጋል። መነፅራቸውን ፈልገው ዝርዝሩን እስኪያነቡ ጊዜው አልቆ ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀመራል። ስለዚህ ሚስጥር ቁጥሩ የልጅ ልጅ እጅ ውስጥ ይገባል። አብዛኞቹ ልጆች ታማኞች ናቸው፤ ያም ሆኖ ጡረታቸውን ራሳቸው ቆጥረው ይቀበሉ የነበሩ ሰው አሁን «ስንት አለኝ?» ብለው ልጅ የሚጠይቁ ሆነዋል። ይህን እንደ ቀላል ነገር አላየውም።

ደግሞ የቋንቋው ነገር። ዳዊት የሚደግሙ፣ ፊደልን ከነዝርዝሩ የሚያውቁ አባት ከባንክ የመጣላቸውን መልእክት ማንበብ አይችሉም፤ በእንግሊዝኛ ስለሆነ። አንድ አጭር መልእክት በላቲን ፊደል እስከ 160 ሆሄ ሲይዝ በአማርኛ የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ለላኪው ወጪው ይጨምራል ማለት ነው። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ግን ብር ገባ ወይስ ወጣ የሚለውን ለመለየት ልጅ እስኪመጣ መጠበቅ የሚያስከትለው ወጪም ይታሰብ። አጭበርባሪው ደግሞ ጥርት ባለ አማርኛ ነው የሚደውለው። «እናቴ፣ በስህተት ብር ልኬብዎት ነው፣ ይመልሱልኝ» ወይም «ዕጣ ደርሶዎታል፣ የመጣልዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» ይላቸዋል። አንቱታው ራሱ ማጥመጃ ነው። ለአረጋዊ አሥር ሕግ ከማስተማር አንዷን ማጽናት ይሻላል፤ ቁጥር ለሚጠይቅ ማንም ይሁን ማን፣ «ልጄ ሲመጣ ደውል» ብሎ መዝጋት።

ፋይዳ በሚባለው ዲጂታል መታወቂያ ላይ ያየሁት ደግሞ ሌላ ነው። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ወዲህ መታወቂያው ለባንክም ለሌላውም ይጠየቃል። ምዝገባው የአሥር ጣት አሻራ ይወስዳል፤ ዕድሜ ልካቸውን ድስት ሲፈትጉ፣ ፋብሪካ ውስጥ ክር ሲቋጥሩ የኖሩ ሰዎች አሻራቸው አልቋል። ደግነቱ የዓይን ብሌንና የፊት ፎቶም አብሮ ይወሰዳል።

ለአንድ ብሎክ አንድ ዕቃ በመዋጮ ይገዛ ቢባል እኔ የደም ግፊት መለኪያ ነው የምመርጠው። እናቶች «ደም ብዛት» የሚሉት በሽታ ሳይታወቅ የሚጎዳ ስለሆነ መለኪያው ከሐኪም ቤት ወደ ደረጃው ቢቀርብ ይጠቅማል። የእጅ አንጓ ላይ ከሚታሰረው ክንድ ላይ የሚጠቀለለው ይታመናል። አምስት ደቂቃ አርፎ፣ ጀርባን አስደግፎ፣ ክንድን በልብ ትይዩ አድርጎ፣ ሳያወሩ ነው የሚለካው። ቡና ከተጠጣ ግማሽ ሰዓት መቆየትም ያስፈልጋል፤ ቡና ላይ ተሰብስቦ ዝም ማለትና ቡናን ማዘግየት የትኛው እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ቁጥሩ በደብተር ተጽፎ ቢቆይ ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የአንድ ቀን ሳይሆን የወራት ነገር ታያለች።

አረጋውያንን የሚያኖሩ ተቋማትም ቢሆኑ የያዙት መሣሪያ ቀላል ነው። በአቶ ቢንያም በለጠ የተመሠረተው መቄዶንያ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ሲያኖር ለልገሳ ሕዝቡን ከማዕከሉ ጋር ያገናኘው በ8161 አጭር መልእክት ነው፤ ማንም ተራ ስልክ ያለው ሰው የሚችለው ነገር።

ወደ አይ ፖቱ ልመለስ። ማፍያው የሚያደርገውን ነገር ገላን ውስጥ በነፃ ማድረግ ይቻላል፤ ስሙም ሚስኮል ነው። እማማ ቡናቸውን ሲያቀርቡ 2ን ጫን ያደርጋሉ፣ አንዴ ይጠራል፣ ይዘጋሉ። ሂሳብ አይቆረጥም። ልጅቷ ሥራ ቦታዋ ሆና ስልኳ ላይ ቁጥሩን ታያለች፤ ቡናው ተፈልቷል። ሦስት ሰዓት ድረስ ካልጠራ እሷ ትደውላለች። ካላነሱ ጎረቤት ጋ ትደውላለች። ጎረቤት ሦስተኛ ፎቅ ወጥታ ታንኳኳለች። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ያላሰበው አንድ ነገር ይቀራል፤ በሩ ብረት ነው፣ የሚቆለፈውም ከውስጥ ነው። ቁልፉ በቀዳዳው ውስጥ ካደረ ከውጭ ያለው ትርፍ ቁልፍ አይገባም። ስለዚህ ማታ ቆልፈው ሲጨርሱ ቁልፉን ነቅለው ሚስማር ላይ እንዲሰቅሉ እማማን ማስለመድ፣ ትርፉንም ለጎረቤታቸው መስጠት ያስፈልጋል።