በጓሮ ዶሮዎች ላይ የሚታይ የላባ መነጫጨት፦ መንስኤውን መለየትና በወቅቱ መከላከል

ዶሮዎች አንዳቸው የሌላቸውን ላባ እየነቀሉ ጀርባን፣ የጅራትን ሥርና የእንቁላል መውጫን ገላጣ የሚያደርጉበት ችግር በጓሮ እርባታ የተሰማራን ቤተሰብ ባልታሰበ ፍጥነት ለኪሳራ ይዳርጋል። ሰኞ ዕለት ጥቂት ላባ የጎደላት ቄብ የቅዳሜ ገበያ ሳይደርስ ቆስላ ልትሞት ትችላለች። ቁስሉ ደም ካሳየ በኋላ ነቃሪዎቹ አንድ ሁለት ብቻ አይሆኑም፤ መንጋው በሙሉ ይከተላል።

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ጉዳዩ ተጨማሪ ክብደት አለው። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የዳንግላም ከፍታ 2,100 ሜትር ገደማ ነው። በእንዲህ ያለ ደጋና ወይና ደጋ አየር ላባ ለዶሮ ልብሷ ነው። ላባዋ የተመለጠ ዶሮ ለእንቁላል ልታውለው የሚገባውን መኖ የሰውነቷን ሙቀት ለመጠበቅ ታውለዋለች። ስለዚህ ብዙ ትበላለች፣ ጥቂት ትጥላለች፤ አርቢዋም ሳታውቀው በሁለት በኩል ትከስራለች።

ችግሩ በየጊዜው ጎልቶ የሚታይበት ምክንያት አለ። የአካባቢው ዶሮዎች ለረጅም ዘመን የኖሩት ቀኑን ሙሉ በጓሮና በማሳ ዳርቻ እየጫሩ ነው። ከጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ከጥልሊ ከተማ ስሙን ያገኘው የጥልሊ ዶሮ በዚህ አኗኗር ከሚታወቁት የሀገራችን ነባር ዶሮዎች አንዱ ነው። የምትጭር ዶሮ ምንቃሯ ሥራ አያጣም። በ2015 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ ግን በርካታ ቤተሰቦች የተሻሻሉ ዝርያ ያላቸውን ጫጩቶችና ቄቦች በቤት ውስጥ ዘግተው ማርባት ጀምረዋል። አያያዙ ምርት ይጨምራል። ሆኖም የተዘጋች ዶሮ የመጫር ፍላጎቷ አብሯት ይዘጋል እንጂ አይጠፋም፤ የሚጫር ነገር ባጣች ጊዜ ምንቃሯን ወደ ጎረቤቷ ላባ ታዞራለች። ባለሙያዎች የላባ መነጫጨትን ከጠብ ይልቅ ቦታውን እንደሳተ መኖ ፍለጋ የሚመለከቱት በዚህ ምክንያት ነው።

ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ዶሮዎች ከወትሮው ይበልጥ ይዘጋሉ። ዝናቡ ይበረታል፣ የጎረቤት ቡቃያ ይጠበቃል፣ ጉዝጓዙም ይረጥባል። ሌላው ብዙ ጊዜ የማይስተዋለው ወቅት ዐቢይ ጾም ነው። በጾሙ ሳምንታት የዶሮና የእንቁላል ገበያ ስለሚቀዘቅዝ ለፋሲካ ተብለው የሚቆዩ ዶሮዎች በአንድ ቤት ይጠራቀማሉ። ለ10 ዶሮ የተሠራ ቤት 20 ሲያድርበት መነጫጨቱ ቢነሣ የሚያስገርም አይደለም።

በቅድሚያ መንስኤውን መለየት

ላባዋ የረገፈ ዶሮ ሁሉ ተነጭታለች ማለት አይደለም። አርቢዎች መድኃኒት ከመግዛታቸው በፊት ላባው የጎደለበትን የሰውነት ክፍል በጥንቃቄ ሊመለከቱ ይገባል።

አንገቷ ከተፈለፈለች ጀምሮ ገላጣ የሆነችው፣ በተለምዶ መላጣ የምትባለው ዶሮ ሕመም የለባትም፤ ባሕርይው በዘር የሚወረስ ነው። በእርግጥ ይህ ባሕርይ እንደ ጃዊ ባለ ቆላ ሙቀትን ለመቋቋም ይጠቅማታል። ከአንድ ዓመት በላይ የሆናት ዶሮ ላባዋን ከራስና ከአንገት ጀምራ በተርታ ስትጥልና ከሥሩ እሾህ የሚመስል አዲስ ላባ ሲወጣ ከታየ ደግሞ ተፈጥሯዊ የላባ ቅያሬ ላይ ናት። በዚህ ጊዜ እንቁላል ማቆሟም የሚጠበቅ ነው። አዲሱ ላባ በውስጡ ደም ስላለው ሌሎች ዶሮዎችን ይስባልና ቅያሬ ላይ ያለችውን ዶሮ መከታተል ይገባል። ደረቷና ሆዷ ብቻ የተገለጠ፣ ከጎጆዋ የማትነሣ ዶሮ ለመታቀፍ ላባዋን ራሷ ነቅላለች። በጀርባና በማጅራት ላይ ብቻ የሚታይ መመለጥ ብዙውን ጊዜ ከአውራ ዶሮ የሚመጣ ነው፤ ለ8 እስከ 10 ሴት ዶሮዎች አንድ አውራ በቂ ሆኖ ሳለ ለአራትና ለአምስት ዶሮ ሁለት አውራ የሚያቆዩ ቤቶች ጥቂት አይደሉም።

ቅማልና ደም መጣጭ ጥቃቅን ተባዮችን መለየት ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል። ቅማል በእንቁላል መውጫው ዙሪያና በክንፍ ሥር ላባው ሲገለጥ ሲሯሯጥ ይታያል፤ እንቁላሉም በላባው ሥር እንደ ነጭ ቅርፊት ተጣብቆ ይገኛል። ቀዩ ደም መጣጭ ተባይ ግን ቀን ቀን በቆጡና በግድግዳው ስንጥቅ ተደብቆ ስለሚውል ዶሮዋን በቀን ቢመረምሯት ላይገኝ ይችላል። ሌሊት በባትሪ ብርሃን ቆጡን ከሥሩ መመልከት፣ ወይም ነጭ ጨርቅ በቆጡ ላይ አሽቶ የደም ነጠብጣብ መኖሩን ማየት ያስፈልጋል። እረፍት ያጣች ዶሮ የራሷንም ላባ ትነጫለች፤ በሌሎችም ትነጫለች።

ከእነዚህ ውጭ ሆኖ የተሰባበረ ላባ በጀርባና በጅራት ሥር ከታየ፣ ቆዳው ላይም የደም ነጥብ ካለ፣ ጉዳዩ የእርስ በርስ መነጫጨት ነው። ጠዋት መኖ ከቀረበ በኋላና ከምሽቱ በፊት ለግማሽ ሰዓት ያህል በዝምታ መመልከት ነቃሪዋን ለመለየት ያስችላል። ላባዋ ሙሉ ሆኖ የሚያብረቀርቀው ዶሮ በመጀመሪያ ልትጠረጠር ይገባል።

ወዲያውኑ የሚወሰድ እርምጃ

የቆሰለችው ዶሮ በዚያው ዕለት ትለይ። ቁስሉ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በተዘጋጀ ቀለል ያለ የጨው ውሃ ይታጠብ፤ ከዚያም ከእንስሳት ጤና ባለሙያ የተገኘ የቁስል መድኃኒት ይደረግለት። ቁስሉ እስኪደርቅና ላባ መብቀል እስኪጀምር ወደ መንጋው አትመለስ። ነቃሪዋም ተለይታ ለጥቂት ቀናት ብትቆይ በመንጋው ውስጥ የነበራት የበላይነት ይላላል፤ ስትመለስም ማታ በቆጥ ላይ ሳሉ ብትቀላቀል ይመረጣል። ደጋግማ የምትነቅር ከሆነ መሸጥ ወይም ለቤት ፍጆታ ማዋል ይሻላል፤ ሌሎች ልማዱን አይተው ይማራሉና።

ምንቃርን በጋለ ቢላዋ ማቃጠል ወይም መቁረጥ በቤት ውስጥ ፈጽሞ ሊሞከር አይገባም። ምንቃር ጥፍር አይደለም፤ ሥቃይ የሚሰማው አካል ነው፤ በተሳሳተ ቦታ የተቆረጠባት ዶሮም መኖ መልቀም ያቅታታል። መታቀፍን ለማስተው አፍንጫን በላባ የመውጋት ልማድም ደም ስለሚያስወጣ ለነቃሪዎች ምክንያት ይሆናል። ለሰብል ወይም ለቤት ተባይ የተገዛ ኬሚካል በዶሮ ላይ መርጨት ዶሮዋን ይመርዛል፤ ቅሪቱም በእንቁላልና በሥጋ በኩል ወደ ቤተሰቡ ይደርሳል።

መኖ

ከሁሉም መንስኤዎች ይበልጥ ትኩረት የሚያስፈልገው መኖ ነው። ላባ አብዛኛው ክፍሉ ፕሮቲን ነው፤ በተለይም ሜታዮኒን የተባለውና መሰሎቹ፣ ድኝ ያለባቸው የፕሮቲን ክፍሎች ይበዙበታል። እነዚህ በመኖዋ ያነሱባት ዶሮ የሌላዋን ላባ ነቅላ ትውጣለች። እንቁላል የምትጥል ዶሮ መኖዋ ከ16 እስከ 17 በመቶ ፕሮቲን ሊኖረው ሲገባ በቆሎ ብቻውን ከ8 እስከ 9 በመቶ በላይ የለውም። በቆሎ ብቻ የሚሰጣት የተሻሻለች ዝርያ ጠግባም ተርባለች ማለት ነው።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። በዞኑ ኑግ ይመረታል፤ የዘይት ጭማቂ ተረፈ ምርት የሆነው የኑግ ፋጉሎ 30 በመቶ ገደማ ፕሮቲን አለው፤ በሜታዮኒንም ከጥራጥሬ ይሻላል። ሁለት እጅ በቆሎ ከአንድ እጅ የኑግ ፋጉሎ ጋር ቢደባለቅ የፕሮቲኑ መጠን ወደ 15 በመቶ ከፍ ይላል። የሻገተ ፋጉሎ ግን መርዛማ ስለሆነ ለዶሮ አይሰጥ። ግብጦም በአካባቢው በሰፊው ይበቅላል፤ ነገር ግን ጥሬው መራራና ጎጂ በመሆኑ ለሰው እንደሚደረገው ተቆልቶና ውሃው እየተቀየረ ለቀናት ተነክሮ ካልሆነ አይቀርብም። ፕሮቲኑ ብዙ ቢሆንም ሜታዮኒኑ አነስተኛ ስለሆነ ፋጉሎውን ሊተካ አይችልም። በእንጅባራ ዙሪያ የሚበዛውን ድንች በተመለከተ አረንጓዴ የሆነውንና የበቀለውን ከነልጣጩ መስጠት አይገባም፤ የተቀቀለው ችግር የለበትም።

የጨው እጥረትም መነጫጨትን ያስከትላል። ለ10 ኪሎ ግራም መኖ ከ30 እስከ 50 ግራም ጨው ይበቃል። ሲበዛ ዶሮዎችን ስለሚገድል በእፍኝ ከመገመት በሚዛን መለካት ይሻላል። ካልሲየም ለማግኘት የእንቁላል ቅርፊት በእሳት ደርቆና ደቅቆ ይሰጥ፤ ሳይደቅ ከተሰጠ ዶሮዎቹ እንቁላል መብላት ይለምዳሉ። መኖ መቀየር ሲያስፈልግ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ይሁን።

ቤቱና ውሎው

በአንድ ካሬ ሜትር ወለል ላይ ከ5 ያልበለጡ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ቢኖሩ ይመከራል። በቆጥ ላይ ለእያንዳንዷ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ለ4 ወይም ለ5 ዶሮም አንድ የእንቁላል መጣያ ሳጥን ያስፈልጋል። ሳጥኑ ጨለም ባለ ጥግ ይቀመጥ፤ ዶሮ እንቁላል ስትጥል ለአፍታ የሚወጣው ቀይ ሥጋ በብርሃን ከታየ ይነቀራል። ሞቷ ሳይታወቅ የምታድር ዶሮ ብዙ ጊዜ የምትጠቃው በዚህ በኩል ነው።

ጉዝጓዙ ከጤፍ ወይም ከገብስ ጭድ፣ አለዚያም ከእንጨት ብናኝ ተዘጋጅቶ ደረቅ ሆኖ ይያዝ። በላዩ ጥቂት እህል ቢበተንበት ዶሮዎቹ እየጫሩ ይውላሉ። ጎመን በገመድ ታስሮ ከራሳቸው ትንሽ ከፍ ብሎ ቢንጠለጠል ለግማሽ ቀን ሥራ ይሆናቸዋል። አፈርና አመድ የሞላበት ሳጥን ደግሞ ተባይን በራሳቸው እንዲከላከሉ ይረዳቸዋል፤ የአካሲያ ዲከረንስ ከሰል በሚከሰልበት በፋግታ ለኮማና በአጎራባች ወረዳዎች አመድ የሚቸገር ቤት አይኖርም። አመዱ ግን የቀዘቀዘና ደረቅ ይሁን።

ጫጩት በሚያሳድጉ ቤቶች ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ ኃይለኛ ነጭ አምፖል መነጫጨትን ያባብሳል። በከሰል ምድጃ ማሞቅም በተዘጋ ክፍል ለሰውም ለጫጩትም አደገኛ ነው። ዙሪያው ጭድ የተጠቀጠቀበት የጫጩት ማሳደጊያ ሳጥን ጫጩቶች በራሳቸው ሙቀት እንዲያድሩ ስለሚያስችል በተለይ መብራት በማይደርስበት ቀበሌ ከሁለቱም ይመረጣል። አዲስ የተገዙ ዶሮዎች ለሁለት ሳምንት ተለይተው ይቆዩ፤ ቀጥሎም ከነባሮቹ ጋር በሽቦ አጥር ማዶ ለማዶ ሲተያዩ ከሰነበቱ በኋላ ማታ ይቀላቀሉ። ዕድሜያቸው በጣም የሚራራቁትን አንድ ላይ ማሳደር አይመከርም።

ከእንስሳት ጤና ባለሙያ ድጋፍ ለማግኘት

ከላይ የተመለከቱት እርምጃዎች ተወስደው በሁለት ሳምንት ውስጥ ለውጥ ካልታየ፣ ወይም ተባይ ከተገኘ፣ አርቢዎች በቀበሌያቸው ለሚገኘው የግብርና ባለሙያ ወይም ለእንስሳት ጤና ኬላ ሊያሳውቁ ይችላሉ። ኬላው ሩቅ ከሆነ የወረዳውን የእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤት ማነጋገር ይቻላል። ሲመጡ የዶሮዎቹን ብዛት፣ ዕድሜና ዝርያ፣ ችግሩ የጀመረበትን ቀን፣ የሚሰጠውን መኖ ዓይነትና የመጨረሻውን ክትባት ቀን ይዘው ቢቀርቡ ምርመራው ይፈጥናል። የተገኘ ተባይ ካለ ክዳን ባለው ንጹሕ ብልቃጥ ይምጣ። ለተባይ የሚታዘዘው መድኃኒት ለዶሮዋ ብቻ ሳይሆን ለቆጡና ለግድግዳው ስንጥቅም ስለሚያስፈልግ የቤቱን ስፋት መናገር አይዘንጋ። መድኃኒቱ ሲሰጥ እንቁላሉና ሥጋው ለስንት ቀን እንደማይበላ ባለሙያውን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከላባ መርገፉ ጋር ዶሮዎቹ ተኮራምተው ከዋሉ፣ አረንጓዴ ተቅማጥ ካሳዩ፣ አንገታቸው ከተጣመመ ወይም በተከታታይ ከሞቱ ጉዳዩ መነጫጨት ብቻ አይደለም፤ ፈንግል ወይም ሌላ ተላላፊ በሽታ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ዕለት ሪፖርት ይደረግ። እስከዚያው ከመንጋው አንድም ዶሮ ወደ ገበያ አይውጣ፤ የሞቱትም ለውሻ ሳይጣሉ በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበሩ።