ተማሪዎች በሚሠሩት ተንቀሳቃሽ ሥዕል ቃላትን ስለ ማስተማር

ቃል የዕውቀት በር ነው። ሰው የነገሩን ስም በሚገባ ሳያውቅ ነገሩን ለሌላ ሊያስረዳ፥ መጽሐፍንም አንብቦ ሊያስተውል አይችልም። በየመንደሩ ትምህርት ቤት ልጆች አዲሱን ቃል ከነትርጓሜው ከሰሌዳ ላይ ገልብጠው በቃላቸው ሲያጠኑ እናያለን፤ ነገር ግን ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ ያ ቃል በአነጋገራቸውም በጽሕፈታቸውም ተፈልጎ አይገኝም። ይህም የሚሆነው ልጆቹ ሰነፎች ስለ ሆኑ አይደለም፤ ቃሉን ተቀበሉት እንጂ ስላልሠሩበት ነው። ስለዚህ ተማሪዎች ራሳቸው በሚያነሡት ተንቀሳቃሽ ሥዕል፥ በዛሬው አነጋገር ቪዲዮ በሚባለው፥ ቃላትን እንዴት ማስተማር እንደሚቻል ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች በአጭሩ እንገልጻለን።

1ኛ፤ መመልከትና መሥራት አንድ እንዳይደሉ

ትምህርትን በተንቀሳቃሽ ሥዕል ማስተላለፍ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚላከውን ትምህርት ፕላዝማ በሚባለው ቴሌቪዥን መቀበል ጀመሩ። አሳቡ የገጠሩ ልጅ ከከተማው ልጅ ጋራ አንድ ዓይነት ትምህርት እንዲያገኝ ነበር። ሆኖም ትምህርቱ በእንግሊዝኛ የሚሰጥና በራሱ ፍጥነት የሚሄድ ስለ ነበረ፥ ያልገባው ተማሪ «ቆይ፥ ድገምልኝ» ሊለው አልቻለም፤ መምህሩም ብዙ ጊዜ ከተማሪዎቹ ጋራ ተመልካች ሆኖ ቀረ።

በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ቀድሞ መምህርት የነበሩት ወይዘሮ ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤታቸው ጋራ ሆነው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የሕፃናት ዝግጅት በአማርኛ አዘጋጅተው በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አቀረቡ። በእርሱም ፀሐይ የተባለች የአሻንጉሊት ቀጭኔ ለልጆች በራሳቸው ቋንቋ ተናገረች። ድርጅታቸው ዊዝ ኪድስ ዎርክሾፕ ከዚያ በኋላ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዶ፥ «ኢንቮልቭ ሚ» በተባለው ዝግጅት ወጣቶች ራሳቸው ካሜራ ይዘው የአንድ ደቂቃ ፊልም እንዲሠሩ አደረገ። በአሜሪካም ኒው ዮርክ ታይምስ የተባለው ጋዜጣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2013 ተማሪዎች አንዳንድ የእንግሊዝኛ ቃል እየመረጡ ትርጓሜውን በ15 ሰከንድ ቪዲዮ እንዲያሳዩ የውድድር ማስታወቂያ አወጣ።

በዚህ ሁሉ የምናየው ልጁ ከተመልካችነት ወደ ሠሪነት ማለፉን ነው። ይህም ማለፍ ምን ያህል እንደሚጠቅም ስላሜካና ግራፍ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1978 ባሳተሙት ምርመራ ታይቷል፤ ሰው ከራሱ አእምሮ አፍልቆ ያወጣውን ቃል፥ ተጽፎ ካነበበው ቃል ይልቅ አብልጦ ያስታውሳል።

2ኛ፤ ስለ ደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ

መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ከተማ ናት። ከዚያ ደጋ ተነሥቶ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ መንገደኛ በአንድ ወረዳ ውስጥ ገብስ የሚዘራበትን ደጋ፥ ጤፍ የሚታረስበትን ወይና ደጋ፥ ማሽላ የሚበቅልበትን ቆላ ያገኛል። አገሩ እንደ ተለያየ የልጆቹም የቃል ሀብት የተለያየ ነው። የደጋው ልጅ ውርጭንና አመዳይን ሳይማር ያውቃል፤ የቆላው ልጅ ግን አመዳይን በመጽሐፍ ቢያነብ በዓይኑ አይቶት ስለማያውቅ ከጤዛ ወይም ከበረዶ አይለየውም። እንዲሁም በቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ አጠገብ ያደገ ልጅ ጭላዳን ከሌላው ዝንጀሮ፥ ጅብራንም ከአስታ በሩቅ ይለያል፤ ለሌላው ልጅ ግን እነዚህ ሁሉ ባዶ ስሞች ናቸው።

እንግዲህ ቪዲዮ ከቃል ማብራሪያና ከክፍል ጨዋታ የሚበልጥበት ምክንያት በዚህ ይታወቃል። የደጋው ተማሪ ማለዳ ተነሥቶ በገብሱ ላይ የነጣውን አመዳይ ቢያነሣ፥ ፀሐይም ሲወጣ እንዴት እንደሚቀልጥ ቢያሳይ፥ ያ ሥዕል በትንሽ ሜሞሪ ካርድ ተይዞ ወደ ቆላው ትምህርት ቤት ሊወርድ ይችላል። የቆላውም ተማሪ በፋንታው ስለ ማሽላው አገዳና እሸት የሠራውን ይልካል። ለዚህም ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ከገበያ የሚመለስ ሰው ይበቃል።

3ኛ፤ የሥራው ሥርዓት

60 ተማሪዎች ያሉበት ክፍል አንድ የእጅ ስልክ ብቻ ቢኖረው ሥራው አይቀርም። መምህሩ ተማሪዎቹን ስድስት ስድስት አድርጎ በ10 ቡድን ይክፈላቸው። በየቀኑ ሁለት ሁለት ቡድን ቢያነሡ በአምስት የትምህርት ቀን ሁሉም ይደርሳቸዋል፤ በሳምንትም 10 ቃላት ይሠራሉ። ከዚህ በላይ ማብዛት አይገባም።

በመጀመሪያ መምህሩ ለየቡድኑ አንዳንድ ቃል ይስጥ። ቡድኑም የቃሉን ትርጓሜ ከመጽሐፍ ሳይገለብጥ በራሱ አነጋገር በሁለት መስመር ይጻፍ። ቀጥሎ ቃሉ በምን ሥራ፥ በምን ነገር ወይም በምን ሁኔታ እንደሚታይ ተመካክሮ ይወስን። ሥዕሉ ከ30 ሰከንድ አይብለጥ፤ ሳይቋረጥ በአንድ ጊዜ ይነሣ፤ ቃሉም እስከ መጨረሻው አይጠራ። ሥዕሉ በክፍሉ ፊት ሲታይ የቀሩት ተማሪዎች ቃሉን ይገምቱ። ግምታቸው ቢለያይ መምህሩ ደስ ይበለው፤ ለምሳሌ ለካፊያ የተሠራውን ሥዕል አንዱ ካፊያ፥ ሌላው ዶፍ ቢለው፥ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለውን ልዩነት ልጆቹ ራሳቸው ተከራክረው ያገኙታልና። በመጨረሻ እያንዳንዱ ተማሪ ቃሉ ያለበትን አንድ ዐረፍተ ነገር በደብተሩ ይጻፍ። ከሳምንትና ከወር በኋላም ይጠየቅ።

የሚያነሣው ልጅ ፀሐይን ከኋላው ያድርግ፤ ስልኩን አግድም ይያዝ፤ ነፋስ ድምፁን እንዳይውጠው ከግድግዳ ወይም ከዛፍ ይጠጋ። ስልክ በጠፋ ወይም ባትሪ ባለቀ ቀን ቡድኑ ያሰበውን በጨዋታ አድርጎ በክፍሉ ፊት ያሳይ፤ የትምህርቱ ፍሬ ከማሰቡ ነውና።

4ኛ፤ ሥዕሉ ስሕተትን ስለ መግለጡ

ትርጓሜን በቃሉ ያጠና ልጅ ያልገባውን ሊሸሽግ ይችላል፤ ሥዕል ሲሠራ ግን አሳቡ ይገለጣል። አንድ ቡድን «ትነት» የተባለውን የሳይንስ ቃል እንዲያሳይ ቢታዘዝ፥ ምናልባት በእሳት ላይ የፈላ ጀበና አንሥቶ ይመጣል። ይህ ከቶ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ልጆቹ ትነትን ከፍላት እንዳልለዩት ያመለክታል። በዚህ ጊዜ መምህሩ «የታጠበ ነጠላ ያለ እሳት የሚደርቀው ውሃው ወዴት ሄዶ ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ ሁለተኛም ሥዕል እንዲሠሩ ይላካቸው። እንዲሁም «የአፈር መሸርሸር» የሚለውን የመጽሐፍ ቃል ከመንደራቸው ቦረቦር፥ ከእርከኑና ከክትሩ ጋራ በአንድ ሥዕል ቢያገናኙት፥ የትምህርት ቤቱ ቃልና የቤታቸው ቃል ስለ አንድ ነገር እንደሚናገሩ ይረዳሉ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፥ ነገሩን አስቀድሞ በአማርኛ በሚገባ የያዘ ልጅ ኋላ የእንግሊዝኛውን ስም ለመያዝ አይቸገርም።

5ኛ፤ የአገር ሽማግሌዎች ድርሻ

ከሣቴ ብርሃን ተሰማ ሀብተ ሚካኤል በ1951 ዓ.ም.፥ አለቃ ደስታ ተክለ ወልድም በ1962 ዓ.ም. ያሳተሟቸው መዝገበ ቃላት የቋንቋችን ታላላቅ ጎተራዎች ናቸው፤ ነገር ግን በየመንደሩ ትምህርት ቤት በቀላሉ አይገኙም። ሽማግሌ ግን በየመንደሩ አለ። ዕርፍ፥ ሞፈር፥ ድግር፥ ወገል፥ ማረሻ፥ ቀንበር፥ ምራን የሚባሉትን ሁሉ አንድ አራሽ አባት እጁን እያሳረፈ በስማቸው ቢጠራቸውና ተማሪው ቢያነሣው፥ ያ ሥዕል ለክፍሉ ትምህርት፥ ለሚመጣውም ትውልድ መዝገብ ይሆናል። የእናቶችም የፈትል፥ የእንጀራና የእንስራ ቃላት እንዲሁ ሊለቀሙ ይገባል። ሽማግሌ ሲያርፍ ያልተጻፈው ቃል አብሮት ይቀበራልና ነገሩ ቀጠሮ አይሰጥም።

6ኛ፤ መጠንቀቅ የሚገባ

የልጅ ፊት የሚታይበት ሥዕል ያለ ወላጅ ፈቃድ አይነሣ፤ ከትምህርት ቤቱም ወጥቶ በቲክቶክና ይህን በመሰለው ስፍራ አይበተን። ወደ ሌላ ትምህርት ቤት የሚላከውም ወላጆችና ርእሰ መምህሩ የፈቀዱት ብቻ ይሁን። ካሜራው በወንዶች ልጆች እጅ ብቻ እንዳይቀር ቡድኑ በተራ ይያዘው። ስልኩ ለዚህ ሥራ ሲወጣ ለሌላ ጨዋታ አይዋል። ሥዕሉ ማማሩ አይመዘን፤ የሚመዘነው ቃሉን በትክክል መግለጡ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በደረሰው ግጭት ምክንያት ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀው ቆይተዋል። ሲመለሱ የጎደላቸውን ቃል ሁሉ መምህር ብቻውን ሊሞላው አይችልም። ስለዚህ መምህራን ሥርዓቱን በማስያዝ፥ ሽማግሌዎች ቃሉን በመስጠት፥ ልጆችም በመሥራት ቢተባበሩ፥ ድካሙ በከንቱ አይቀርም። በሚመጣው ሳምንት በ10 ቃላት ጀምሩት፤ ፍሬውን ከወር በኋላ በልጆቹ ደብተር ታገኙታላችሁ።