ከካሴት ቤቱ ባንኮኒ ጀርባ

ጠጋ በሉ፣ ይህን ለደንበኛ ነግረነው አናውቅም። ድሬዳዋ መጋላ ውስጥ ካሴት ቤት በምሠራበት ዘመን የድሬን ሰው የማውቀው በስሙ ሳይሆን በሚያስቀዳው ዘፈን ነበር። የታተመ ካሴት ከመደርደሪያ መርጦ የሚሄድ ሰው ስለራሱ ብዙም አይነግርህም። ባዶ ካሴት ከአንዲት ቁራጭ ወረቀት ጋር ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ «አቦ፣ እነዚህን ቅዳልኝ» የሚለው ግን ገና ሰላምታው ሳያልቅ ማንነቱን አስረክቦሃል።

ወረቀቱ ላይ ጥላሁን ገሠሠ አለ። ከሥሩ አሊ ቢራ፣ ከዚያ የሶማሌዋ ማጎል፣ ከዚያ ሱዳናዊው መሐመድ ወርዲ፣ ወረድ ሲል ደግሞ ሕንዳውያኑ መሐመድ ራፊ ወይም ላታ ማንጌሽካር። ሶማልኛ የማይሰማ ሰው ማጎልን ያዛል። ሕንድኛ የማያውቅ ሰው የፊልሙን ዘፈን ከነመሸጋገሪያ ሙዚቃው ያንጎራጉርልሃል፤ የዘፈኑን ርዕስ ስለማያውቀው ማዘዝ የሚችለው በማንጎራጎር ብቻ ነው። በዚህ የሚገረም የድሬ ሰው አላየሁም። ከተማዋን በ1895 ዓ.ም. የወለዳት ባቡር ነው። ከጅቡቲ ወደብ ዕቃ ብቻ ሳይሆን የመናዊውን፣ ሕንዱን፣ ግሪኩንና አርመኑን ነጋዴ ከነዜማው አምጥቶ አራገፈባት። በእኛ ጊዜ ባዶ ካሴቱ ራሱ በዚያው መስመር ነበር የሚመጣው።

አሁን ወደ ጓዳው እንግባ። ባለ 90 ደቂቃ ካሴት ክሩ ስስ ነው፤ በድሬ ሙቀት መኪና ውስጥ ከዋለ ቴፑ ይበላዋል። ስለዚህ ለምንወደው ደንበኛ ባለ 60ውን እንመክር ነበር። ግብጻዊቷን ኡም ኩልሱምን የሚያዝ ሰው ሲመጣ ግን ምክሩ አይሠራም፤ የእሷ አንድ ዘፈን ብቻውን አንዱን ገጽ ይጨርሰዋል። ሽማግሌዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ለእሷ ለብቻዋ ካሴት ይዘው ይመጡ ነበር።

የዝርዝሩ ቅደም ተከተልም ይናገራል። ኤ ገጽ ላይ መጀመሪያ የሚመጣው ሰው እንዲሰማለት የሚፈልገው ዘፈን ነው። ቢ ገጽ ላይ መጨረሻ የሚያስገባው ግን ለብቻው ሲሆን የሚሰማውን ነው። ኮስታራው የባቡር ሠራተኛ ከላይ የጦር ሠራዊት ማርሽ ጽፎ ከታች የፍቅር ዘፈን ያዛል። እኛም ሳቃችንን ውጠን እንቀዳለታለን፤ ለማንም ትንፍሽ አንልም።

ትልቁ ምስጢር ግን ይህ ነው። የታዘዘው ሁሉ ተቀድቶ ገጹ ላይ ሦስት አራት ደቂቃ ሲተርፍ ባዶ አንተወውም፤ ያልታዘዘ ዘፈን ከራሳችን ምርጫ እናስገባ ነበር። እኛ ከደንበኛው ጋር የምንተዋወቀው በዚያች ዘፈን ነበር። ከሳምንት በኋላ ተመልሶ «ያቺ የመጨረሻዋ የማን ናት?» ካለ ወዳጅነቱ ጀመረ ማለት ነው። ዛሬም ድረስ የምንጠያየቃቸው ጓደኞቼ አብዛኞቹ በዚያች በተረፈች ደቂቃ የመጡ ናቸው።

አሊ ቢራንም የምረዳው በእነዚያ የደንበኞቼ ዝርዝሮች ነው። በ1939 ዓ.ም. እዚሁ ድሬዳዋ አሊ መሐመድ ሙሳ ሆኖ ተወለደ። ገና በጉርምስናው ከአፍራን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ጋር መድረክ ላይ ወጣ፤ ያኔ ካቀነቀናት ዘፈን «ቢራ» የሚለውን ስም አገኘና በዚያው ቀረ። ከኦሮምኛ ሌላ በአማርኛ፣ በሐረሪኛ፣ በሶማልኛና በዓረብኛ ዘፍኗል። የደንበኞቼ ወረቀት ላይ ተበትኖ የነበረው ሁሉ በእሱ ጉሮሮ ውስጥ አብሮ ይኖር ነበር። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲያርፍ የተቀበረውም እዚሁ ነው።

ዛሬ ወጣቱ ሚሞሪውን ለሞባይል ቤቱ ልጅ ይሰጥና «ሙላልኝ» ብሎ ይሄዳል። አልወቅሰውም፤ ቦታው ስለማያልቅበት ምረጥ የሚለው የለም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ይኸው አለመምረጡ ነው። 60 ደቂቃ ብቻ ያለው ሰው የትኛውን እንደሚተው ሲጨነቅ ራሱን ያገኛል። ከልጆቼ ጋር ስቀመጥ «አሥራ ሁለት ዘፈን ብቻ ምረጡ» እላቸዋለሁ፤ ክርክሩ እስከ እራት ይደርሳል፤ የዚያን ያህል በሌላ ነገር ተዋውቀን አናውቅም።

የኔን ከጠየቃችሁ፦ ኤ ላይ አሊ ቢራ በሐረሪኛ ከተጫወታቸው፣ ከዚያ ወርዲ፣ ከዚያ ማጎል። ፊልም ከሆነ የሕንድ፣ ርዝመቱ አያስፈራኝም። ኳስ ከሆነ ድሬዳዋ ከነማ፤ በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ሞሮኮ ምድቡን የተጫወተው በከተማችን ስታዲየም መሆኑንና ዋንጫውንም ይዞ መሄዱን ላገኘሁት ሁሉ አወራለሁ። ቢ ላይ መጨረሻ ላታ ማንጌሽካር አለች፤ ግጥሙን ዛሬም አላውቀውም። የናንተን ስትነግሩኝ ያቺን የመጨረሻዋን እንዳትዘሉብኝ።