ማዘርቦርድ ተቃጠለ ማለት ፎርማት ማለት አይደለም

ኮምፒውተሩን ጥገና ቤት ወስዶ «ፎርማት ይደረግ» ሳይባል የተመለሰ ሰው ብዙ አላውቅም። ቀሰስ አለ፣ ፎርማት። ቫይረስ ገባበት፣ ፎርማት። ማዘርቦርዱ ተቃጠለ፣ አሁንም ፎርማት። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ለሌላ ቀን ላቆያቸውና ስለ ሦስተኛው ላውራ።

ነገሩን ያስነሳኝ ፍርድ ቤት አጠገብ የጽሕፈት አገልግሎት የሚሰጡ አንዲት እናት ጉዳይ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኮምፒውተራቸው አልነሳ አለ። ባለሙያው ከፍቶ አየና ማዘርቦርዱ መሞቱን ነገራቸው። «ቦርዱ ይቀየራል፣ አዲስ ዊንዶውስ ይጫናል፣ ፋይልዎን ኮፒ አደርግልዎታለሁ» አላቸው። ሰኞ ጊዜው የሚያልቅ የአንድ ደንበኛ ይግባኝ እዚያው ውስጥ አለ። እሳቸው ደወሉልኝ፤ «አንተ ልጅ፣ ፋይሉ ኮፒ ከተደረገልኝ ምን ይጎድልብኛል?»

የሚጎድለው ብዙ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ቢሆንም፣ ብዙ ጽሕፈት ቤቶች ከዚያ በኋላም ለዓመታት በእነ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ የቆዩ ፎንቶች ሲጽፉ ኖረዋል። በእነዚያ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ውስጡ የላቲን ፊደል ነው፤ አማርኛ መስሎ የሚታየው ፎንቱ ስላለ ብቻ ነው። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የኤቢሲዲና የምልክት ድርድር ይሆናል። ፋይሉ አልጠፋም፣ ግን ማን ያነበዋል? የሴትዮዋ ፎንት መጫኛ ሲዲ ደግሞ የት እንደገባ እሳቸውም አያውቁም። በዚህ ላይ የፕሪንተሩ ቅንብርና የዓመታት የማመልከቻ ቅጾች አሉ። «እትዬ፣ ዲስኩን ማንም እንዳይነካው ይበሉልኝ» አልኳቸው።

ዊንዶውስ የሚቀመጠው ዲስኩ ላይ እንጂ ማዘርቦርዱ ላይ አይደለም። ቦርዱ ሲሞት ዲስኩ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ታዲያ ይህ የፎርማት ልማድ ከየት መጣ? ከኤክስፒና ከዊንዶውስ 7 ዘመን ነው፣ ያኔ ደግሞ ምክንያት ነበረው። ዊንዶውስ ሲነሳ መጀመሪያ ዲስኩን የሚያነብበት ድራይቨር ያስፈልገዋል። የድሮዎቹ ሲጫኑ ላገኙት ቦርድ የሚሆነውን ድራይቨር ብቻ ለመነሻ ያዘጋጁና ሌላውን ያጠፉት ነበር። አዲስ ቦርድ ላይ የተለየ የዲስክ መቆጣጠሪያ ሲገጥማቸው የተቀመጡበትን ዲስክ ራሱን ማንበብ ያቅታቸዋል፤ በ7ቢ የሚያልቅ ቁጥር ያለው ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፣ በቃ። የድሮ ባለሙያ ያን ስክሪን አይረሳውም። ቦርዱ ገና በሕይወት ካለ ሲስፕሬፕ በሚባለው የዊንዶውስ የራሱ መሣሪያ የሃርድዌር ትዝታውን አስጠርጎ ማዘዋወር ይቻላል። ቦርዱ ድንገት ከሞተ ግን ይህ መንገድ የለም።

ዊንዶውስ 10 እና 11 በዚህ ረገድ ብዙ የተሻሉ ናቸው። አዲሱን ቦርድ ሲያዩ «መሣሪያዎችን በማዘጋጀት ላይ» የሚል ጽሑፍ ከነፐርሰንቱ ያሳዩና፣ አንድ ሁለቴ ጠፍተው ተነስተው አብዛኛውን ጊዜ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ሊኑክስማ የብዙውን ሃርድዌር ድራይቨር ከርነሉ ይዞ ስለሚዞር ከዚህም ይቀለዋል።

የእትዬ ኮምፒውተር ዊንዶውስ 10 ነበር። ከሁሉ በፊት ዲስኩን አውጥተን ሙሉ ቅጂውን ሌላ ዲስክ ላይ አስቀመጥን፤ ይህን ያላደረገ ሰው ሌላውን ባይጀምረው ይሻላል። ያገለገለ ቦርድ ተገኘና ተገጠመ። ሲበራ «የሚነሳ ዲስክ የለም» አለ። ባለሙያው ወዲያው ወደ እኔ ዞሮ «አላልኩህም?» አለ። ችግሩ ግን ሌላ ነበር። የሳቸው ዊንዶውስ የተጫነው በድሮው ሌጋሲ ባዮስ መንገድ ነው፤ ዲስኩም በኤምቢአር የተከፋፈለ ነው። ቦርዱ ደግሞ በዩኢኤፍአይ ብቻ እንዲነሳ ተደርጓል። ባዮስ ገብተን ሌጋሲውን ፈቀድን፣ የሳታ መቆጣጠሪያውም እንደ ቀድሞው ኤኤችሲአይ ላይ መሆኑን አየን። ተነሳ። ፎንቱም፣ ፕሪንተሩም፣ ይግባኙም እዚያው ናቸው። የጎደለው የኔትወርክ ድራይቨር ብቻ ነበር፤ እሱን ቀድመን በፍላሽ ይዘን ነበር። አንዳንድ አዳዲስ ቦርዶች ሌጋሲን ጨርሶ አይቀበሉም፤ ያኔ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዊንዶውስ 10 ጋር በሚመጣው መሣሪያ ዲስኩን ፋይል ሳይጠፋ ወደ ጂፒቲ መቀየር ይቻላል።

ላፕቶፕ ላይ ግን ከዚህ የከፋ አለ። አዳዲሶቹ ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ሳያውቅ ዲስካቸው በቢትሎከር ተቆልፎ ነው የሚመጡት፤ የቁልፉ ጠባቂ ቲፒኤም ደግሞ ከቦርዱ ጋር አብሮ ይሄዳል። ቦርዱ ሲቀየር ዊንዶውስ ባለ 48 አኃዝ የመክፈቻ ቁጥር ይጠይቃል። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ይገኛል። ከሌለ ግን ይህ እንደ ፎንቱ የሚፈለግ ነገር አይደለም፤ ፋይሉን የትኛውም ጥገና ቤት አይከፍተውም። ላፕቶፕዎ ዛሬ እየሠራ ሳለ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ይጻፉት።

ሌላው የፈቃድ ነገር ነው። ዊንዶውስ ማዘርቦርዱን እንደ ኮምፒውተሩ ማንነት ስለሚቆጥረው ከተቀየረ በኋላ «አክቲቬት አልተደረገም» ሊል ይችላል። ፈቃዱ አስቀድሞ ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር ከተያያዘ፣ አክቲቬሽን ውስጥ ሃርድዌር መቀየርዎን ገልጸው ማስመለስ ይቻላል። ለብቻው የተገዛ ቁልፍ ዳግም ይገባል፤ የእትዬ እንደዚያ ነበር። ከኮምፒውተሩ ጋር ከፋብሪካ የመጣው ፈቃድ ግን ከቦርዱ ጋር የታሰረ ነው።

ፎርማት የሚገባበት ጊዜ የለም እያልኩ አይደለም። ዊንዶውሱ ድሮም በቫይረስ የተበላ ከሆነ፣ ወይም ቦርዱ ተቀይሮም ሰማያዊ ስክሪን እየተደጋገመ ካስቸገረ፣ ፋይልና ፎንት አውጥቶ እንደ አዲስ መጫኑ ያሳርፋል። የእኔ ጠብ ሳይሞከር ፎርማት ከሚያደርገው ጋር ነው።

ቦርድ ሊገዙ ሲሄዱ ደግሞ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ። ሲፒዩውና ራሙ የሚገቡት በየራሳቸው ዓይነት ሶኬት ብቻ ነው። የዴልና የኤችፒ የቢሮ ኮምፒውተሮች ደግሞ ብዙዎቹ የፓወር ሳፕላይ መሰኪያቸው ከሌላው ስለሚለይ፣ ርካሽ የመሰለው ቦርድ ፓወር ሳፕላይና ኬዝ ጭምር ሊያስገዛዎት ይችላል። ከተቻለ ያንኑ ሞዴል ይፈልጉ፤ ያኔ ዊንዶውሱ ብዙ ለውጥ ሳያይ ይነሳል።