ለወፍዎ ጉርሻ፣ ከራሷ ዳቦ

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ቤተሰቡ ሳሎን ተሰብስቧል። ጠረጴዛው ላይ ዳቦ ተቆርሷል፤ የአቮካዶ ጁስም በየብርጭቆው ተቀድቷል። የስምንት ዓመት ልጅዎ ከዳቦው ቆንጠር ያደርግና ጁሱ ውስጥ ነክሮ በረንዳው በር አጠገብ ወደተሰቀለው የወፍ ቤት ይሮጣል። አረንጓዴዋ ወፍ እጁን ታውቀዋለች፤ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ ትጠብቀዋለች። እርስዎም ፈገግ ብለው «እዩት፣ ሊያጎርሳት ነው!» ይላሉ።

ፈገግታውን ለጊዜው ይተዉትና የልጁን እጅ ይያዙ። ለእኛ የሚስማማን አቮካዶ ለወፍ መርዝ ነው። በውስጡ ያለው ፐርሲን የተባለ ንጥረ ነገር የወፏን ልብ ይጎዳል፣ ትንፋሿንም ያሳጥራል፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ሊገድላትም ይችላል። ልጁ ግን ክፋት አላሰበም። እቤቱ ሲደረግ ያየውን ነው የደገመው፤ የሚወዱት ሰው ይጎርሳል።

ስለዚህ ማጉረሱን አይከልክሉት፤ ጉርሻውን ይቀይሩለት። ባጂ፣ ላቭ በርድ፣ ኮካቲየል ወይም ትልቅ በቀቀን የሚያሳድጉ ከሆነ፣ አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ከልጆችዎ ጋር የሚጋግሩት የወፍ ዳቦ አለ። እቃው ከጓዳዎ አይጠፋም። ከመጋገርዎ በፊት ግን የእኛ ዳቦ ለምን እንደማይሆናት እንይ።

ከገበታችን ብትቀምስ ምን አለበት?

አንዲት ባጂ የምትመዝነው ከ30 እስከ 40 ግራም ነው። 35 ግራም የምትመዝን ወፍ 5 ግራም ዳቦ በላች እንበል። የክብደቷን አንድ ሰባተኛ በላች ማለት ነው፤ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በአንድ ጊዜ 10 ኪሎ ዳቦ እንደመብላት ይቆጠራል። ለእኛ «ትንሽ ቁራሽ» የሆነው ለእሷ የቀኑን ሆድ የሚሞላ ነው። ሆዷን የሞላው ደግሞ ነጭ ዱቄት፣ ጨውና ስኳር ከሆነ፣ ለሚያስፈልጋት ምግብ ቦታ አይተርፍም። በዚያች ትንሽ ሰውነት ላይ ጨው በቀላሉ ይበዛል።

ሊጥ ደግሞ ከዳቦው ይብሳል። ልጆች ሊጥ ሲያድቦለቡሉ ለወፏ መቁረሳቸው የተለመደ ነው። እርሾ ያለበት ጥሬ ሊጥ ጉሮሮዋ ሥር ባለው የምግብ ከረጢት ውስጥ ኩፍ ማለቱን ስለሚቀጥል አደገኛ ነው።

ወጥስ? እዚህ ላይ የሚያስገርም ነገር አለ። ወፎች የበርበሬ ማቃጠል አይሰማቸውም። ምላስን የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የተባለው ንጥረ ነገር ለእነሱ ምንም አይደለም፤ በዱር የሚበቅለውን ሚጥሚጣ መሰል ፍሬ እየበሉ ዘሩን የሚበትኑትም እነሱ ናቸው። ወፍዎ ወጥ ብትቀምስ የሚጎዳት በርበሬው ሳይሆን አብሮት ያለው ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨውና ቅባት ነው።

ቸኮሌት፣ ቡና፣ ሻይና አልኮል በጭራሽ አይሰጧትም። የፖም ሥጋው ችግር የለውም፤ ፍሬው ግን ወጥቶ መጣል አለበት። ወተትም አይስማማትም፤ ወፎች በወተት ውስጥ ያለውን ስኳር የሚፈጩበት አቅም የላቸውም።

ጥሬ ብቻ አይበቃትም

«እኔ ከሱፍና ከዳጉሳ በቀር ምንም አልሰጣትም» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ጥንቃቄ ይመስላል፤ ግን ይህም የራሱ ጉዳት አለው። ደረቅ ጥሬ፣ በተለይ ሱፍ፣ ቅባቱ ብዙ ነው፤ ቫይታሚን ኤ እና ካልሲየሙ ደግሞ አነስተኛ ነው። ዓመቱን ሙሉ እሱን ብቻ የምትበላ በቀቀን ትወፍራለች፣ ጉበቷ ስብ ይቋጥራል፤ ቫይታሚን ኤ ሲጎድላትም የአፍንጫዋና የመተንፈሻዋ ገጽ ተዳክሞ ለበሽታ ትጋለጣለች።

በዱር ያሉት እንዲህ አይበሉም። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋማ አገሮች ውጭ በዱር የማይገኘው ባለ ጥቁር ክንፉ ላቭ በርድ የጥድና የሾላ ፍሬ እየለቀመ የሚኖር ነው። እርጥብ ፍሬ፣ ቅጠልና እሸት የለመደን ዘር በደረቅ ጥሬ ብቻ ማኖር ሰውን በቆሎ ብቻ እንደማብላት ነው።

ችግሩ ጥሬ የለመደች ወፍ ካሮትና ጎመን ስታይ ፊቷን ማዞሯ ነው። የወፍ ዳቦ ዋና ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው። አትክልቱን በምትወደው የእህል ጣዕም ሸፍኖ ያቀርብላታል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• 2 ኩባያ የበቆሎ ዱቄት
• ግማሽ ኩባያ የጤፍ ዱቄት (ያልተቦካ)
• 2 እንቁላል ከነቅርፊቱ
• 1 ኩባያ ተቀቅሎ የተፈጨ ዱባ ወይም ውስጡ ብርቱካናማ የሆነ ስኳር ድንች
• 1 መካከለኛ ካሮት፣ የተፈቀፈቀ
• 1 ኩባያ በደቃቁ የተከተፈ ጎመን
• 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት
• 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር (ቢቀርም ዳቦው ጠፍጠፍ ይላል እንጂ አይበላሽም)
• ከግማሽ እስከ 1 ኩባያ ውሃ
• ከፈለጉ ደርቆ ደቀቅ ያለ ዛላ በርበሬ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ

ጨው፣ ስኳርና ማር የሉበትም። በርበሬ ከጨመሩ ዛላውን ራሱን ይሁን፤ ጓዳ ያለው የተዘጋጀ በርበሬ ጨውና ነጭ ሽንኩርት ስላለበት አይሆንም። ከጎመን ይልቅ ቆስጣ ቢቀርብዎትም ጎመኑን ይምረጡ፤ ቆስጣ ውስጥ ያለው ኦክሳሊክ አሲድ ካልሲየምን ይዞ ያስቀርባታል።

የበቆሎውን ነገር አደራ። ሻጋታ የነካው በቆሎና ኦቾሎኒ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ይይዛል፤ መጋገርም አያጠፋውም። ይህ መርዝ የታወቀውም በወፍ ዘር ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ ከ100,000 በላይ ተርኪዎች በድንገት አለቁ። ምክንያቱ ሲፈለግ የተገኘው በመኗቸው ውስጥ በነበረው የሻገተ ኦቾሎኒ ነው። ስለዚህ ዱቄቱ ሽታው ከተለወጠ ወይም እርጥበት ከነካው «ለወፍ አይደል፣ ምን ይሆናል» አይበሉ። እኛ የማንበላውን እሷም አትብላ።

አሠራሩ

እንቁላሉን ከመስበርዎ በፊት ቅርፊቱን በደንብ ይጠቡ። ከሰበሩት በኋላ ቅርፊቱን አድርቀው እንደ ዱቄት እስኪደቅ ይውቀጡት፤ ስለታም ስባሪ መቅረት የለበትም። ነጭ ሽንኩርት የሚወቀጥበት ሙቀጫ ግን አይሁን። ይህ ቅርፊት ለወፏ የካልሲየም ምንጭ ነው፤ በተለይ እንቁላል ለሚጥሉ ሴት ወፎችና የካልሲየም እጥረት ለሚያጠቃው ግራጫው የአፍሪካ በቀቀን ይጠቅማል።

ደረቁን ከደረቁ ጋር ይቀላቅሉ። እንቁላሉን፣ ዱባውንና ዘይቱን ለብቻ መትተው ይጨምሩበት። ካሮቱን፣ ጎመኑንና የቅርፊቱን ዱቄት ያስከትሉ። ውሃውን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ ወፈር ያለ የገንፎ ዓይነት መልክ ሲይዝ ያቁሙ። ካሮት መፈቅፈቁንና ማማሰሉን ለልጆቹ ይስጧቸው፤ ጥሬ እንቁላል ስላለበት ግን ጣታቸውን እንዳይልሱ።

በ180 ዲግሪ በሞቀ ኦቨን፣ ዘይት በተቀባ የመስታወት ወይም ሽፋን የሌለው የብረት ትሪ፣ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይጋግሩት። መሐሉ ላይ የጥርስ እንጨት ሰክተው ሲያወጡት ደረቅ ከሆነ በስሏል። ኦቨን ከሌለዎት በሸክላ ምጣድ ላይ እንደ ቂጣ ሳሳ አድርገው ጋግረው፣ በአክንባሎ ከድነው፣ አገላብጠው ያብስሉት። እርጥብ ሊጥ መሐሉ ላይ እንዳይቀር ብቻ ይጠንቀቁ።

ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ በትንንሹ ይቁረጡት። የሁለትና የሦስት ቀኑን ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ቀሪውን ፍሪዘር ውስጥ በላስቲክ አሽገው እስከ ሁለት ወር ያቆዩት። ከፍሪዘር የወጣውን በረዶው ለቆት ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመጣ ይጠብቁ።

ዳቦው ሳይደርስ ጭሱ እንዳይቀድም

ወፏን ሊገድላት የሚችለው የምትበላው ብቻ አይደለም፤ የሚጋገርበት እቃም ሊሆን ይችላል። ምግብ እንዳይይዝ ተብሎ በተለምዶ «ቴፍሎን» በምንለው ሽፋን የተሠራ መጥበሻ ወይም ትሪ ከ260 ዲግሪ በላይ ሲግል ለሰው የማይታወቅ ጋዝ ያወጣል። ሰውን ላያስነጥስ ይችላል፤ ወፍን ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። ባዶ መጥበሻ እሳት ላይ መርሳት ብቻ ይበቃል። ወጥ ቤትዎ ከሳሎኑ ጋር ክፍት ከሆነ ይህን ከሁሉ አስቀድመው ያስቡበት።

ምክንያቱ የወፍ አተነፋፈስ ነው። ከሳንባዋ ጋር የተያያዙ የአየር ከረጢቶች ስላሏት አየሩን ከእኛ በበለጠ አሟጣ ትጠቀምበታለች፤ መርዙንም እንዲሁ። የእንግሊዝ የከሰል ድንጋይ ቆፋሪዎች ካናሪ ይዘው ጉድጓድ የሚወርዱት ለዚህ ነበር፤ ወፏ ስትዝለፈለፍ ካርቦን ሞኖክሳይድ መኖሩን አውቀው ይወጡ ነበር። በብሪታንያ ይህ ልማድ እንዲቀር የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው።

አሁን የእኛን ሳሎን ያስቡት። ከሰል ይቀጣጠላል፣ ቡና ይቆላል፣ እጣን ይጨሳል። ምጣድ ሲሟሽም ጭሱ ቤቱን ይሞላል። ይህን ሁሉ ይተዉት አይባልም፤ ቡናችን ቡናችን ነው። ወፏን ግን ከመጀመርዎ በፊት ወደ ሌላ ክፍል ያዛውሯት፣ በሩን ይዝጉ፣ መስኮት ይክፈቱ። ጭሱ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ይመልሷት።

ስንት ልስጣት? እምቢ ብትልስ?

ይህ ዳቦ ጉርሻ ነው፤ ምሳና እራት አይደለም። እንዲህ ያለው ተጨማሪ ምግብ በቀን ከምትበላው ከአሥር አንድ እጅ እንዳይበልጥ ይመከራል። ለባጂና ለላቭ በርድ አንድ የሽምብራ ፍሬ የሚያህል፣ ለኮካቲየል ሁለት ሽምብራ፣ ለትልቅ በቀቀን አንድ ኩብ ስኳር የሚያህል ይበቃል። እርጥበት ስላለው በሁለት ሰዓት ውስጥ ያልበላችውን አንስተው ይጣሉ።

በመጀመሪያው ቀን ላትነካው ትችላለች። ወፎች የማያውቁትን ነገር ይፈራሉ። ፈርፈር አድርገው ከለመደችው ጥሬ ጋር ይደባልቁላት፤ ወይም ጥቂት ጥሬ ዳቦው ላይ ይለጥፉበት። እያየችዎት ከዚያው ዳቦ እርስዎም ይቅመሱ፤ ጨው ባይኖረውም አይከፋም። ሌላው የሚበላውን ስታይ ትደፍራለች። አንዳንዷ በሦስት ቀን፣ አንዳንዷ በሦስት ሳምንት ትለምደዋለች።

«ሲርባት ትበላለች» ብለው ግን ጥሬውን አይከልክሏት። ትንሽ ወፍ ያለ ምግብ ረጅም ሰዓት መቆየት አትችልም። ላባዋን ነፋ አድርጋ ዝም ካለች፣ ጅራቷ ከትንፋሿ ጋር ከፍ ዝቅ ካለ፣ ወይም ከቤቷ ወለል ላይ ከተቀመጠች ዳቦውን ይተዉትና ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዷት። ወፎች ሕመማቸውን ይደብቃሉ፤ ለእኛ መታየት ሲጀምር ጊዜው ገፍቷል ማለት ነው።

ልጆቹ ካጎረሷት በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፤ ሲታኮሲስ የተባለው የሳንባ በሽታ ከበቀቀን ወደ ሰው ይተላለፋል። ከአፋቸው አውጥተው ወይም በከንፈራቸው ይዘው እንዳያጎርሷት ያስተምሯቸው፤ በእኛ ምራቅ ውስጥ ያለው ባክቴሪያም ለእሷ አይበጃትም።

በሚመጣው ቅዳሜ፣ ዳቦው ለቤተሰቡ ሲቆረስ ከጎኑ ትንሽ ሳህን ያስቀምጡ። ሳህኑ ላይ ሽምብራ የሚያህሉ ብርቱካናማ ቁራሾች ይኑሩ። ልጅዎ እጁን ወደ አቮካዶው ሲዘረጋ «የእሷ እዚህ ነው» ይበሉት። ቁራሹን ይዞ በሽቦው በኩል ያሳያት። ዛሬ ፊቷን ታዞርበት ይሆናል፤ ነገም እንደገና ይሞክራል። ከምንቃሯ ጫፍ ፍርፋሪ የምታንጠለጥልበት ቀን ሲመጣ ግን ሮጦ መጥቶ የሚነግርዎት እሱ ራሱ ነው።