የጦር አካዳሚ መግቢያና የትምህርት ዕድል አለመመጣጠን፤ በሐይቅና በአምባሰል ምሳሌነት

አንድ ፈተና ለሁሉም በእኩል ከተሰጠ ምርጫው ትክክል ነው ይባላል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምንፈልገው ግን የፈተናው እኩልነት ብቻውን የዕድልን እኩልነት እንደማያስገኝ ነው። ለምሳሌ የወሰድነው የዕጩ መኮንኖችን አመራረጥ ሲሆን፣ ነገሩን የምንመለከተው ከሐይቅና ከአምባሰል ልጆች አንጻር ነው።

እንደሚታወቀው የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት በስዊድን መኮንኖች መምህርነት ሥራውን የጀመረው በ1927 ዓ.ም. ነበር። ከነጻነት በኋላም ከወታደሩ መካከል የተመረጡትን እያሠለጠነ ለመኮንንነት አብቅቷል። በ1950 ዓ.ም. የተቋቋመው የሐረር ጦር አካዳሚ ግን በሕንድ መኮንኖች አስተማሪነት ለ3 ዓመት የሚያሠለጥን ሆኖ፣ የሚቀበለው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የጨረሱትን ነበር። ስለዚህ ወደ መኮንንነት የሚያስገቡ ሁለት በሮች ተከፈቱ፤ አንደኛው በአገልግሎት፣ ሁለተኛው በትምህርት።

የሁለተኛው በር ሕግ በጽሑፍ ማንንም አይከለክልም ነበር። ነገር ግን በዚያን ዘመን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጥቂቶች ሲሆኑ፣ የበዙትም በአዲስ አበባና በዋና ዋና ከተሞች ነበሩ። የሐይቅ ልጅ ትምህርቱን ለመቀጠል 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ደሴ፣ ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት መሄድ ነበረበት፤ ለውጫሌ ልጅ ደግሞ መንገዱ ከዚያም ይረዝማል። የቤት ኪራይ፣ ስንቅና ልብስ ያስፈልጉታል፤ ወላጆቹም የእርሻና የከብት ጥበቃ ረዳት ያጣሉ። እንግዲህ ብዙው ልጅ የወደቀው በአካዳሚው ፈተና አልነበረም፤ ከፈተናው በፊት በመንገድ ቀርቷል።

ይህ የሆነው አገሩ ትምህርት ስለማያውቅ አይደለም። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን፣ ማለት ከ13ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ፣ ደቀ መዛሙርት የሚመጡበት የታወቀ የትምህርት ቦታ ነበር። በወሎ የቁርአን ትምህርትም ሥር የሰደደ ነው። ነገር ግን ቅኔውም ሆነ የቁርአን ንባቡ በአካዳሚው መግቢያ አይቆጠርም። ችሎታ የሚባለው መመዘኛ በተለወጠ ጊዜ፣ ቀድሞ መምህር የነበረው አገር ወደ ኋላ ቀረ።

ውጤቱም በጦሩ ውስጥ ታይቷል። በሐረርና በሆለታ ምሩቃን መካከል የነበረው የትምህርትና የክብር ልዩነት ብዙ ቅሬታ አሳድሯል። በ1966 ዓ.ም. ደርግን ያቋቋሙት ከተራ ወታደር እስከ ሻለቃ ያሉ አባላት ሲሆኑ፣ ኋላ መሪ የሆኑት መንግሥቱ ኃይለ ማርያምም የሆለታ ምሩቅ ነበሩ።

የሌላውን ዓለም ልምድ ብናይ፣ እንግሊዝ የመኮንንነትን ማዕረግ በገንዘብ መግዛትን በ1871 እ.ኤ.አ. ብታስቀርም፣ ማዕረጉ በውድ ትምህርት ቤቶች ልጆች እጅ ለረጅም ጊዜ ቆይቷል። በአሜሪካው ዌስት ፖይንት ደግሞ አብዛኛው አመልካች በሕዝብ እንደራሴ መጠቆም ስላለበት፣ ዕድሉ በየአውራጃው ይዳረሳል፤ ጉድለቱ ለአማላጅነት በር መክፈቱ ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 87 የመከላከያ ሠራዊት የብሔር፣ ብሔረሰቦችንና ሕዝቦችን ሚዛናዊ ተዋጽኦ እንዲያካትት ያዛል። መልካም ነው፤ ሆኖም በአንድ ብሔር ውስጥ ያለውን የከተማና የገጠር ልዩነት ይህ ቁጥር አያሳይም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ከ1,000 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ጦርነቱ ውጫሌን፣ ሐይቅንና ደሴን አዳርሶ ትምህርት ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ያለ ውጤት ተማሪውን ብቻ ሳይሆን ትምህርት ቤቱንም ይመዝናል።

እንዲህ ከሆነ ደረጃው ይወርዳል የሚሉ አሉ። እኛ የምንለው ግን የመመረቂያው ደረጃ ይጠበቅ፤ ከመግቢያው በፊት የአንድ ዓመት መሰናዶ ይሰጥ፤ የአመልካቹም ውጤት ከትምህርት ቤቱ ሁኔታ ጋር ተያይዞ ይታይ ነው። አለዚያ የባላገር ልጅ ሁልጊዜ ታዛዥ፣ የከተማ ልጅ ሁልጊዜ አዛዥ ሆኖ ይቀራል፤ በአንድ ምሽግ የሚሞቱ ሰዎች ደግሞ እንዲህ ሊከፈሉ አይገባም።